የኀዘን ዘፈንና የሰሚው ግዴታ

ሰው ደስታውን በእልልታ፣ ኀዘኑን በእንጉርጉሮ መግለጥ የጀመረበትን ዘመን ለይቶ የሚናገር የታሪክ መጽሐፍ የለም። ይሁን እንጂ ልብ በከበደው ጊዜ አፍ ዜማ መሻቱ በአንድ አገር ብቻ የተወሰነ ጠባይ ሳይሆን በሰው ዘር ሁሉ ዘንድ የሚገኝ መሆኑን ማንም አይክደውም። እናት በልጇ መቃብር ላይ፣ ስደተኛ በባዕድ አገር፣ እስረኛ በወህኒ ቤት፣ የሚወዳትን ያጣ ጐልማሳ በሌሊት ብቻውን ሆኖ የሚያንጐራጕረው ቋንቋው ቢለያይም ነገሩ አንድ ነው።

በአሁኑ ዘመን ከአገሩ ወሰን አልፎ በብዙ አሕዛብ ዘንድ የሚሰማው የእንግሊዝኛ ዘፈን ነው። ከእነዚህም ዘፈኖች መካከል ቍጥራቸው ቀላል ያልሆነው ስለ ጭፈራና ስለ ደስታ ሳይሆን ስለ ብቸኝነት፣ ስለ ተስፋ መቍረጥ፣ ስለ መጠጥና ስለ አደንዛዥ ዕፅ፣ ስለ ሞት፣ በጠቅላላውም ሰው ከገዛ ራሱ ጋራ ስለሚያደርገው ትግል የሚናገሩ ናቸው። በለንደንና በኒው ዮርክ እንዳሉት ወጣቶች ሁሉ በአዲስ አበባ ያሉትም እነዚህን ዘፈኖች በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ መንገድ ይሄዳሉ፤ ትምህርታቸውን ያጠናሉ፤ ይተኛሉ። አባትና እናት ግን ልጃቸው የሚሰማው ምን እንደ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ አያውቁም።

ስለ እነዚህ ዘፈኖች የሚነገረው አስተያየት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወጣቱን ያበላሻሉና ይከልከሉ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዘፈን ከመዝናኛነት አያልፍምና ነገሩን ማክበድ አያስፈልግም የሚል ነው። ታሪካቸው በሚገባ ሲመረመር ግን ሁለቱም አስተያየቶች የሳቱ መሆናቸው ይገለጣል። የኀዘን ዘፈን ጥቅሙም ሆነ ጕዳቱ የሚመዘነው በዘፋኙ ቃል ብቻ አይደለም፤ የሰማው ሰው ከሰማ በኋላ በሚያደርገው ነገር ጭምር ነው። በዚህ ሐተታ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የእንግሊዝኛ ዘፈን ከኀዘን ጋራ የተቈራኘው ዛሬ አይደለም። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ፍራንሲስ ጄምስ ቻይልድ የሰበሰባቸው 305 የእንግሊዝና የስኮትላንድ ጥንታዊ የትረካ ዘፈኖች ከ1882 እስከ 1898 ባለው ጊዜ ውስጥ ታትመዋል። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ የሚናገሩት ስለ ተከዱ ፍቅረኞች፣ በባሕር ስለ ሰጠሙ መርከበኞች፣ ወንድም ወንድሙን ስለ መግደሉና ስለ ሙታን መንፈስ ነው። እነዚህንም የእርሻ ሰዎች በምድጃ ዳር፣ እናቶች ሕፃን ሲያስተኙ ያዜሟቸው ነበር። ስለዚህ የዛሬው ወጣት የሚሰማው ጨለማ ዘፈን ትናንት የተፈለሰፈ ክፉ ነገር ነው የሚለው አባባል በታሪክ የተደገፈ አይደለም።

ከዚህም የበለጠ ጥልቅ የሆነው የኀዘን ምንጭ የፈለቀው በአሜሪካ አገር ከባርነት ነው። በባርነት ተወልዶ በኋላ ነጻ የወጣውና ስለ ወገኖቹ ነጻነት የተሟገተው ፍሬደሪክ ዳግላስ በ1845 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ላይ አንድ ትልቅ ስሕተትን ገልጧል። ከባሪያ አሳዳሪዎች አገር ርቀው የሚኖሩ ሰዎች ባሮቹ እየዘፈኑ መሥራታቸውን በሰሙ ጊዜ፣ እንግዲያውስ በኑሯቸው ደስ ብሏቸዋል ብለው ያስቡ ነበር። ዳግላስ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን አስረዳ፤ ባሪያው አብዝቶ የሚዘፍነው አብዝቶ ባዘነበት ጊዜ መሆኑንና ዘፈኑም እንደ ዕንባ ሸክሙን ጥቂት የሚያቀልለት መሆኑን ጻፈ። ጆሮ ኖሮት ያልሰማ ሰው ለቅሶውን እንደ ጭፈራ መቍጠሩ የዚያን ጊዜ በደል ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ዛሬም የሚደጋገም ነው።

ይህ የኀዘን ዜማ በሰሚ እጅ በወደቀ ጊዜ ደግሞ ምን ሊሠራ እንደሚችል የሚያሳይ ምስክር አለ። በቴኔሲ ግዛት በናሽቪል ከተማ ከባርነት ለወጡ ሰዎች የተቋቋመው የፊስክ ትምህርት ቤት በገንዘብ እጦት ሊዘጋ በተቃረበ ጊዜ፣ በ1871 ጥቂት ተማሪዎች ተሰብስበው ወላጆቻቸው በባርነት ዘመን ያዜሙት የነበረውን መዝሙር በየከተማው እየዞሩ ማሰማት ጀመሩ። ከዘማሪዎቹም ብዙዎቹ ራሳቸው በባርነት የተወለዱ ነበሩ። በ1873 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግረው በንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ዘመሩ። ከሰሚዎች በተገኘው ገንዘብ ትምህርት ቤቱ ዳነ፤ ጁብሊ ሆል የተባለውም ትልቅ ሕንጻ ተሠራ። በዚሁ ትምህርት ቤት የተማረው ሊቅ ደብሊው ኢ ቢ ዱ ቦይስም በ1903 ባሳተመው መጽሐፉ የመጨረሻውን ምዕራፍ ለእነዚህ መዝሙሮች ሰጥቶ የኀዘን ዘፈኖች ብሎ ሰየማቸው። እንግዲህ ኀዘን ሰሚ ሲያገኝ ትምህርት ቤት እስከ መሥራት ይደርሳል ማለት ነው።

ከዚህ ምንጭ ብሉዝ የተባለው የዜማ ዓይነት ተነሣ። በ1920 ማሚ ስሚዝ የተባለች ጥቁር ዘፋኝ የብሉዝ ዘፈን በሸክላ ባስቀዳች ጊዜ፣ ሸክላው በብዙ ሺሕ ተሸጠ። ነጋዴዎቹ እስከዚያ ጊዜ ድረስ የጥቁር ሰው ኀዘን ገዢ ያገኛል ብለው አላሰቡም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የግል ችግርን፣ ማለት ቤት ማጣትን፣ መከዳትን፣ ስካርንና ብቸኝነትን በግልጽ መዝፈን በእንግሊዝኛ ዘፈን ውስጥ የታወቀ ሥርዐት ሆነ። ኋላ የመጡት የሮክም ሆነ የራፕ ዘፋኞች በዚህ መንገድ የተከተሉ ናቸው።

የኀዘን ዘፈን ሰሚ ብቻ ሳይሆን ከልካይም አላጣም። በኒው ዮርክ መምህር የነበረው አቤል ሚሮፖል በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ያለ ፍርድ በስቅላት ስለሚገደሉ ጥቁሮች ግጥም ጻፈ፤ ግጥሙም በ1937 ታተመ። በ1939 ቢሊ ሆሊዴይ ይህንኑ «ስትሬንጅ ፍሩት» የተባለውን ዘፈን ልታስቀዳ በፈለገች ጊዜ፣ ውል የነበራት ትልቁ የሸክላ ኩባንያ ስላልፈቀደ ኮሞዶር በተባለ አነስተኛ ኩባንያ ዘንድ ሄዳ አስቀዳችው። ዘፈኑ የአባቷን አሟሟት የሚያስታውሳት መሆኑንም ተናግራለች። ይህንኑ ዘፈን ታይም የተባለው መጽሔት በ1999 የክፍለ ዘመኑ ዘፈን ብሎ መረጠው። እንዲህ ያለውን ግድያ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የጥላቻ ወንጀል አድርጎ የደነገገው ሕግ የጸደቀው ግን በ2022 ነው፤ ከዘፈኑ እስከ ሕጉ 83 ዓመት አለፈ። ጨለማው የነበረው በዘፈኑ ውስጥ ሳይሆን በአገሩ ውስጥ ነበረ። ዘፈኑን መከልከል ጨለማውን አላጠፋውም፤ ሰሚው ፈጥኖ ቢነሣ ኖሮ ግን 83 ዓመት ባልፈጀ ነበር።

ሌላም ምሳሌ አለ። በቡዳፔስት ከተማ ሬዝሶ ሸረሽ የተባለ ሙዚቀኛ በ1933 ያሳተመው የኀዘን ዜማ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ «ግሉሚ ሰንደይ» በሚል ስም ታወቀ፤ ቢሊ ሆሊዴይም በ1941 ዘፈነችው። ዘፈኑ ብዙ ሰዎችን ለሞት ዳርጓል የሚል ወሬ በየጋዜጣው ተነዛ። የእንግሊዝ የራዲዮ ድርጅት ቢቢሲም በጦርነቱ ዘመን የሕዝቡን መንፈስ ያዳክማል በማለት የሆሊዴይን ዘፈን ከማሰማት ተቈጠበ፤ እገዳው የተነሣውም በ2002 ነው። ስለ ዘፈኑ ገዳይነት የተነገረው ወሬ ግን ከወሬነት አልፎ በማስረጃ የተረጋገጠ አይደለም። በ1930ዎቹ ዓመታት በአውሮፓ ሥራ ማጣት፣ ረኀብና የጦርነት ፍርሃት ሰፍነው እንደ ነበረ ይታወቃል። ሆኖም የሰውን ችግር ከመመርመር ይልቅ አንድን ዜማ መክሰስ ቀሊል ሆኖ ተገኘ።

ይኸው ክስ በአሜሪካ አገር እንደገና ተነሣ። በ1985 የታወቁ የባለሥልጣናት ባለቤቶች ያቋቋሙት ማኅበር የዘፈኖች ቃል ልጆችን ያበላሻል ብሎ አቤት በማለቱ፣ የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ኮሚቴ በሴፕቴምበር ወር ምስክር ሰማ። ከመሰከሩትም መካከል አንዱ ጆን ዴንቨር ነበር፤ እርሱም ስለ ተራራ ውበት የዘፈነው ዘፈን ስለ አደንዛዥ ዕፅ የተዘፈነ ነው ተብሎ በአንዳንድ የራዲዮ ጣቢያዎች መታገዱን አስረዳ። ከዚህ ክርክር በኋላ የሸክላ ኩባንያዎች ወላጆችን የሚያስጠነቅቅ ምልክት በሸክላዎቻቸው ላይ መለጠፍ ጀመሩ። ማስጠንቀቁ በራሱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ምልክቱ ወላጅን ያስጠነቅቃል እንጂ ወላጅን ከልጁ ጋራ አያነጋግርም።

በ1990 ደግሞ በኔቫዳ ግዛት በሪኖ ከተማ ከዚህ የከበደ ነገር ለችሎት ቀረበ። በ1985 ሁለት ወጣቶች በራሳቸው ላይ በወሰዱት እርምጃ አንደኛው ወዲያው ሲሞት ሁለተኛው ክፉኛ ቈስሎ ከሦስት ዓመት በኋላ ሞተ። ቤተ ሰቦቻቸውም ጁዳስ ፕሪስት የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ጓድ በዘፈኑ ውስጥ የተሸሸገ ቃል አስገብቶ ለጥፋት ገፋፍቷቸዋል ብለው ከሰሱ። ችሎቱ የሁለቱን ወገን ማስረጃ ለብዙ ቀኖች ከመረመረ በኋላ ጓዱ ተጠያቂ አለመሆኑን ፈረደ። በክርክሩ ጊዜ ወጣቶቹ አስቀድሞ በብዙ ችግር ውስጥ ይኖሩ እንደ ነበረ ተገልጦ ነበር። የወላጆችን መሪር ኀዘን አቃልሎ የሚመለከት ሰው አይኖርም፤ ልጁን የቀበረ ሰው ምክንያቱን ቢፈልግ የሚፈረድበት አይደለም። ችሎቱ ግን ያልተጠየቀው አንድ ጥያቄ ቀርቷል፤ ይኸውም በሺሕ የሚቈጠሩ ወጣቶች ያንኑ ዘፈን ሰምተው በሰላም ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ ለእነዚህ ሁለቱ ችግራቸውን የሚሰማ ሰው ቀድሞ ቢደርስላቸው ምን ይሆን ነበር የሚለው ነው።

የኀዘን ዘፈን ለዘፋኙ ለራሱ መድኃኒት የሚሆንበት ጊዜ መኖሩንም መካድ አይቻልም። እንግሊዛዊው ኤሪክ ክላፕተን በ1991 የ4 ዓመት ልጁ በኒው ዮርክ ከረጅም ሕንጻ ወድቆ በሞተበት ጊዜ፣ ኀዘኑን ከዊል ጄኒንግስ ጋራ ሆኖ «ቲርስ ኢን ሄቨን» በተባለው ዘፈን ገለጠ። ዘፈኑ በ1992 ወጥቶ በሚቀጥለው ዓመት ሦስት የግራሚ ሽልማት አገኘ። ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ግን ክላፕተን በ2004 ይህን ዘፈን በአደባባይ መዝፈኑን ለጊዜው ማቆሙ ነው፤ ምክንያቱንም ሲናገር ያን የመሰለው የማጣት ስሜት እንደ ቀድሞው የማይሰማው መሆኑን ገለጠ። ዘፈኑ ሥራውን ፈጽሞ ነበርና ዐረፈ ማለት ነው።

እንዲሁም አንድ ወጣት የጻፈው የተስፋ መቍረጥ ዘፈን በአንድ ሽማግሌ አፍ ሌላ ትርጕም ሊያገኝ እንደሚችል ታይቷል። ትሬንት ሬዝነር በ1994 ባወጣው ሸክላ ላይ የነበረውን «ኸርት» የተባለውን ዘፈን፣ በመድኃኒት ሱስ ብዙ ዘመን የተሠቃየው ጆኒ ካሽ በ2002 ደግሞ ዘፈነው። ካሽ በዚያን ጊዜ 70 ዓመት ሆኖት በሕመም ተዳክሞ ነበር፤ በ2003 ባለቤቱ ሞተች፤ በዚያው ዓመት እርሱም ተከተላት። በወጣቱ ዘንድ የመረረ ጩኸት የነበረው በሽማግሌው ዘንድ ንስሐና ኑዛዜ ሆነ። ደራሲው ሬዝነርም ዘፈኑ ከእንግዲህ የእርሱ እንዳልሆነ የተሰማው መሆኑን ተናግሯል።

ይሁን እንጂ በዚህ ተደስቶ፣ የኀዘን ዘፈን ሁልጊዜ ያድናል ብሎ መደምደም ሌላ ስሕተት ነው። እንግሊዛዊቷ ኤሚ ዋይንሃውስ በ2006 «ሪሃብ» በተባለው ዘፈኗ ስለ መጠጥ ሱሷ እንድትታከም የቀረበላትን ምክር አለመቀበሏን በግልጽ ዘፈነች። ዜማው ፈጣንና የሚያስጨፍር ነበርና ሕዝቡ ጨፈረበት። በ2008 አምስት የግራሚ ሽልማት ተሰጣት። በ2011 ግን በ27 ዓመቷ ከመጠን ባለፈ መጠጥ ምክንያት ሞተች። ዘፋኟ ችግሯን አልደበቀችም፤ በዓለም ፊት ነግራለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እርሷ ግን በሽታዋን ገልጣ ሳለ የሰማው ዓለም እንደ ጨዋታ ቈጠረው። የዳግላስ ዘመን ሰዎች የባሪያውን ለቅሶ እንደ ደስታ መቍጠራቸው በዚህ ዘመንም በሌላ መልክ ተደገመ። ዘፈን ከመዝናኛነት አያልፍም የሚሉት ሰዎች ይህን ሊያስቡበት ይገባል።

እንግዲህ የሰሚው ግዴታ ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ ከዚህ በታች ካሉት ሦስት ሥራዎች ይገኛል። በኤፕሪል 1994 የኒርቫና ጓድ ዘፋኝ ከርት ኮቤይን ሕይወቱን ባጠፋ ጊዜ፣ ብዙ ወጣቶች የእርሱን ፈለግ ይከተላሉ ተብሎ ተፈርቶ ነበር። በሲያትል ከተማ ግን ሕዝቡ በአደባባይ ተሰብስቦ አለቀሰ፤ ለተጨነቁ ሰዎች በስልክ ምክር የሚሰጡትም ሰዎች ተዘጋጅተው ጠበቁ፤ ጋዜጦችም የሚረዳ ሰው የት እንደሚገኝ ጻፉ። በ1996 የታተመው የሊቃውንት ምርመራ እንዳስረዳው፣ ለእርዳታ የሚደውሉት ሰዎች በረከቱ እንጂ የተፈራው የሞት ብዛት በከተማው አልታየም።

ሁለተኛው፣ በለንደን በ1953 የተቋቋመውና የተጨነቁ ሰዎችን በስልክ የሚያዳምጠው ሳማሪታንስ የተባለው ማኅበር የሠራው ነው። ማኅበሩ በ1995 እርዳታ መጠየቅ የሚያፍሩትን ወጣት ወንዶች ለመድረስ በፈለገ ጊዜ፣ የራሱን ስብከት አልጻፈም፤ አር ኢ ኤም የተባለው ጓድ በ1992 ያወጣውን «ኤቭሪባዲ ኸርትስ» የተባለ ዘፈን ቃል ከስልክ ቍጥሩ ጋራ በጋዜጣ አሳተመ። ወጣቱ የሚያውቀውን የኀዘን ዘፈን የእርዳታ በር አደረገው ማለት ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። በ2017 ሎጂክ የተባለው አሜሪካዊ የራፕ ዘፋኝ ከአሌሲያ ካራና ከካሊድ ጋራ ሆኖ አንድ ዘፈን አወጣ፤ የዘፈኑም ስም በአሜሪካ ሕይወታቸውን ለማጥፋት ላሰቡ ሰዎች እርዳታ የሚሰጥበት የስልክ ቍጥር ነበር። የዘፈኑ ቃል የሚጀምረው ተስፋ በቈረጠ ሰው አንደበት ነው፤ በመካከሉ ስልኩን ያነሣው ሰው ይናገራል፤ በመጨረሻም ተስፋ ቈርጦ የነበረው መኖርን ይመርጣል። በ2021 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የታተመ ምርመራ እንዳስታወቀው፣ ዘፈኑ በሕዝብ ዘንድ እጅግ በተሰማባቸው 34 ቀኖች ወደዚያ ስልክ የተደወለው ከሚጠበቀው በ9,915 በልጦ ተገኘ፤ ይህም በመቶ 6.9 ጭማሪ ነው። በእነዚሁ ቀኖች ሕይወታቸውን ያጠፉ ሰዎች ቍጥር ደግሞ ከሚጠበቀው በ245 አንሶ ተገኘ፤ ይህም በመቶ 5.5 ቅናሽ ነው። ቅናሹ የመጣው በዘፈኑ ብቻ መሆኑን በፍጹም ማረጋገጥ ባይቻልም፣ ነገሩ ከቶ ችላ የሚባል አይደለም። ዘፈኑ ጨለማውን አልሸሸገም፤ ነገር ግን ሰሚውን በጨለማው ውስጥ ትቶት አልሄደም።

በአንጻሩም ጥንቃቄ ማስፈለጉ አይካድም። ሕመምን ለገንዘብ ሲሉ የሚያስጌጡ፣ ሞትንና ሱስን እንደ ጀግንነት የሚያቀርቡ ዘፈኖች መኖራቸው እውነት ነው። የሥነ ልቡና ሊቃውንትም አንድን ክፉ ሐሳብ ደጋግሞ የማመንዠክ ጠባይ ያለው ሰው የኀዘን ዜማ ብቻውን ሆኖ ሲሰማ ከመቅለል ይልቅ ሊከብደው እንደሚችል በምርምር አግኝተዋል። ስለሆነም ያው ዘፈን ለአንዱ መተንፈሻ፣ ለሌላው የባሰ ጭንቀት ሊሆን ይችላል። ይህን ልዩነት የስልክ መሣሪያም ሆነ የማስጠንቀቂያ ምልክት አይለየውም። ሊለየው የሚችለው ሰሚውን በቅርብ የሚያውቀው ሰው ነው።

ይህ ነገር ኢትዮጵያውያንን የሚመለከተው በመስማት ብቻ አይደለም። ዘ ዊኬንድ በሚል ስም ዓለም የሚያውቀው አቤል ተስፋዬ በ1990 በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደ ነው፤ አፉን የፈታውም በአማርኛ ነው። ከ2011 ጀምሮ ያወጣቸው ብዙዎቹ ዘፈኖቹ ስለ ብቸኝነት፣ ስለ ሱስና ስለ ጸጸት የሚናገሩ ናቸው። በልጅነቱ በቤት ውስጥ የሰማው የኢትዮጵያ ዜማ በድምፁ ላይ መታተሙን ራሱ ተናግሯል፤ በ2015 ባወጣው አንድ ዘፈን መጨረሻም የአማርኛ ቃል ይሰማል። እንግዲህ ከትዝታና ከእንጉርጉሮ የመጣ ድምፅ በእንግሊዝኛ ቃል ተመልሶ ወደ አዲስ አበባ ወጣቶች ጆሮ ደርሷል ማለት ነው። ይህን የባዕድ ጨለማ ብሎ መግፋት አይቻልም።

በኢትዮጵያ ልማድ ሰው ሲሞት ሙሾ አውራጅ ታወርዳለች፤ ለቀስተኛው ይቀበላል። የሙሾው ቃል ከብዙ የእንግሊዝኛ ዘፈን ቃል የመረረ ነው፤ ሆኖም ሙሾ ይከልከል ብሎ የሚጮኽ የለም። ምክንያቱም ድንኳን ተተክሏል፤ እድርተኛው ተሰብስቧል፤ ጎረቤት ምግብ ይዞ መጥቷል፤ ኀዘንተኛው ብቻውን እንዳያድር የሚያስተዛዝን ሰው አብሮት ተኝቷል። ሙሾው መሪር ሆኖ ሳለ የማይገድለው ለቀስተኛ ስላለው ነው። በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማው ለቅሶ ግን ለቀስተኛ የሌለው ለቅሶ ነው። አደጋው ያለው በለቅሶው ቃል ላይ ሳይሆን በለቀስተኛው መጕደል ላይ ነው። የሚያሳዝነውም፣ ለሞተ ሰው እንዲህ ባለ ትጋት የሚሰበሰበው ሕዝብ፣ በሕይወት ሳለ በልቡ ለሚያለቅሰው ወጣት «ሆድ ይፍጀው» ከማለት በቀር ድንኳን የማይተክል መሆኑ ነው።

ስለዚህ አባትና እናት የልጃቸውን ስልክ ከመንጠቅ አስቀድመው አጠገቡ ቢቀመጡና፣ ልጄ ሆይ፣ ይህ ዘፈን ምን ይላል፤ ለምንስ ወደድኸው ብለው ቢጠይቁ ይበጃል። እንግሊዝኛ አለማወቃቸው የሚያሳፍር አይደለም፤ እንዲያውም ልጁ ቃሉን ወደ አማርኛ ሲመልስ የዘፋኙን ሳይሆን የራሱን ልብ ሊተረጕም ይችላል። የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራንም እነዚህን ዘፈኖች በክፍል ውስጥ አንሥተው ቢያወያዩ፣ ቋንቋም ሕይወትም በአንድነት ይማራል። የራዲዮ አዘጋጆች ዘፈኑን ከማሰማታቸው ጋራ ስለ ምን እንደሚናገር በአማርኛ ሁለት ቃል ቢጨምሩ ድካሙ ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። ወጣቱ መኖር መሰልቸቱን የሚናገር ሆኖ ሲገኝ ደግሞ መቈጣትም፣ መሳቅም፣ ብቻውን መተውም አይገባም፤ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል በአእምሮ ሕክምና የታወቀ ነው። ወደዚያ መሄድም እንደ ሌላው ሕመም ሁሉ መታከም እንጂ የቤተ ሰብ ውርደት አይደለም።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። እንባስ አይገድም፤ የሚገደው እንባውን አይቶ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። የእንግሊዝኛ የኀዘን ዘፈኖች ከባሪያው እርሻ እስከ ዛሬው ወጣት ጆሮ ድረስ የተናገሩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ሰው ሕመሙን የሚናገረው እንዲሰማለት መሆኑን ነው። ዘፋኙ የድርሻውን ተናግሯል። በየቤቱ ያለው ሰሚ ደግሞ የድርሻውን ይፈጽም፤ ዛሬ ማታ በአጠገቡ ጆሮውን ደፍኖ የተቀመጠውን ልጅ ምን ትሰማለህ ብሎ ይጠይቀው፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ያዳምጠው።